የአልጋ ራስጌ በቤት ለመሥራት፦ የቱ እንጨት ከየቱ ቀለም ጋር?

የአልጋ ራስጌ በገዛ እጁ ለመሥራት የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ እንጨት መሸጫ ነው። እኔ ግን ከቀለሙ ጀምሩ እላለሁ። እንጨቱን የሚመርጥላችሁ ቀለሙ ነው። የእንጨቱ መልክና መስመር እንዲታይ ከፈለጋችሁ የምትቀቡት ቫርኒሽ ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ መዋል ያለበት እንጨቱ ላይ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሌላ ድፍን ቀለም ካማራችሁ ግን የእንጨቱ መልክ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ዋንዛ ገዝቶ ነጭ ዘይት ቀለም መለቅለቅ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ እንጨቱም ይባክናል፣ ቀለሙም ኤምዲኤፍ በሚባለው፣ ከእንጨት ቃጫና ሙጫ ተጨምቆ በተሠራው ርካሽ ገበታ ላይ ከሚያምረው በላይ አያምርም። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተት ደግሞ ቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪና ሙጫ የተጨመቀ ገበታ) ገዝቶ በቫርኒሽ ለማስዋብ መታገል ነው።

ሌላም ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ራስጌ የአልጋው አካል ቢመስልም የሰው ክብደት አይሸከምም። ጎኖቹና ርብራቡ ናቸው የሚሸከሙት። ስለዚህ ለአልጋ እግር ፈጽሞ የማልመክረው ቀጭን ወይም ለስላሳ እንጨት ለራስጌ በሚገባ ይበቃል። ራስጌን የሚፈትኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ጀርባ፣ ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባ ፀጉር፣ ከግድግዳ የሚመጣ እርጥበትና ስንጥቅ የሚፈልግ ትኋን። ከዚህ በታች ያለውን ምርጫ ሁሉ የመዘንኩት በእነዚህ በአራቱ ነው።

ልኩ

በገበያችን የተለመዱት አልጋዎች ባለ 90 ሳንቲሜትር፣ ባለ ሜትር ከሃያ፣ ባለ ሜትር ከሃምሳና ባለ ሜትር ከሰማንያ ናቸው። ራስጌው ከፍራሹ ወርድ በግራና በቀኝ ከ2 እስከ 5 ሳንቲሜትር ቢተርፍ መልክ ይኖረዋል። ቁመቱን ፍራሹን ከዘረጋችሁ በኋላ ለኩ፤ ቁጭ ብላችሁ ስትደገፉ ትከሻችሁን ካለፈ በቂ ነው። ከፍራሹ በላይ ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ከፍራሹ በታች የሚውለውን ክፍል ማንም ስለማያየው እዚያ ውድ እንጨት አታባክኑ፤ ሁለት ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) ወደ ታች መዘርጋት ይበቃል።

ኮምፔንሳቶም (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ገበታ) ሆነ ኤምዲኤፍ የሚሸጠው በአብዛኛው 1.22 በ2.44 ሜትር በሆነ ገበታ ነው። ለባለ ሜትር ከሰማንያ አልጋ ገበታውን በርዝመቱ ለሁለት ብትሰነጥቁት ወደ 60 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ቁመት ያላቸው ሁለት ራስጌዎች ይወጣሉ። አንዱን ለራሳችሁ፣ ሌላውን ለጎረቤት፤ ወጪውም ለሁለት ይካፈላል። ለባለ ሜትር ከሃምሳ ስትቆርጡ ደግሞ የሚተርፈው ቁራጭ ለኮሞዲኖ ይበቃል። ዋጋ ስታነጻጽሩ ታዲያ የገበታውን ከጣውላው ጋር በቀጥታ አታስተያዩ፤ ከእያንዳንዱ ስንት ራስጌ እንደሚወጣ አስሉ።

ድፍን ቀለም ለሚቀባ

እዚህ ላይ ፉክክሩ በኤምዲኤፍ፣ በኮምፔንሳቶ፣ በቺፑድና እንደ የፈረንጅ ጥድ ባሉ ለስላሳ ጣውላዎች መካከል ነው።

ቺፑድን ቶሎ ላሰናብተው። ቪቲ (ጥርስ ያለው ጠመዝማዛ ሚስማር) አጥብቆ አይዝም፤ አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ቀዳዳው ይፈረፍራል። ኪራይ ቤት ለሚኖርና በየጊዜው አልጋ ለሚፈታ ሰው አይሆንም። ፎርማይካ የለበሰው ዓይነት መልኩ ባይከፋም ቀለም አይዝም፤ ቀለም ልቀባ ብሎ ያንን የሚገዛ ሰው ለምን እንደሚለፋ አይገባኝም።

ኤምዲኤፍ ለድፍን ቀለም የሚስተካከለው የለም። ዓይን የለው፣ መስመር የለው፣ አይጣመም፤ ገጹ ከፋብሪካ ሲወጣ ለስላሳ ነው። ክብ ቅርጽ ወይም ቅስት መቁረጥ ለሚፈልግም እንደ ልብ ይታዘዛል። ሦስት ጉድለቶች አሉት። መጀመሪያ ክብደቱ፦ ባለ 18 ሚሊሜትር ሙሉ ገበታ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ጂ ፕላስ አራት ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ሊፍት በሌለበት ደረጃ የሚወጣ ሰው እዚያው መሸጫው አስቆርጦ ይውሰድ። ሁለተኛ እርጥበት ጠላቱ ነው፤ ውሃ የነካው ጠርዝ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ደግሞ አይመለስም። ምድር ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው በክረምት በሚያልብ ክፍል ከሆናችሁ ተዉት። ሦስተኛው አቧራው ነው። ደቃቅ ነው፤ ሙጫው ውስጥ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል ስላለ ያለ አፍ መሸፈኛና በተዘጋ ክፍል ውስጥ መፈግፈግ ተገቢ አይደለም።

ኤምዲኤፍ ላይ የሚሠራን ሰው ብልሃት የምትለዩት በጠርዙ ነው። ገጹ ቀለሙን ላዩ ላይ ይይዛል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ግን እንደ ደረቅ እንጀራ መጥጦ ይጨርሰዋል። ከመጀመሪያው ቅብ በኋላ አውራ ጣታችሁን ጠርዙ ላይ ብታስኬዱት የቆሙ ቃጫዎች ይቆረቁሯችኋል። ሁለተኛና ሦስተኛ ቅብ ብትደራርቡበትም ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ነጩን የእንጨት ኮላ በሁለት እጥፍ ውሃ አቅጥናችሁ ጠርዙን ቀቡ፤ ሲደርቅ በቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ አሁንም ሻካራ ከሆነ ድገሙት። ስቱኮ (ቀዳዳ መድፈኛ ሊጥ) በስሱ መሳብም ያው ነው። ከዚያ በኋላ ጠርዙ ከገጹ አይለይም።

ኮምፔንሳቶ ወይም ፕላይውድ ከኤምዲኤፍ ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ እርጥበትንም የተሻለ ይችላል። ችግሩ ገጹ ነው፤ ከቀለም በኋላም ቢሆን የእንጨቱ መስመር በስሱ ብቅ ይላል፣ ጠርዙ ላይም ድርብርቡ ይታያል። ጠርዙን በቀጭን የእንጨት ክፈፍ መሸፈን ከስቱኮ ይልቅ ያምራል። ስትገዙ ጎኑን እዩ፤ በድርብርቡ መካከል ክፍተት ካለ ቪቲው ወደዚያ ሲገባ ባዶ ያገኛል። ማንኳኳትም ይረዳል፤ የተላቀቀ ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ክፍሉ እርጥብ ከሆነ ወይም ራስጌው ሁለትና ሦስት ቤት የሚዞር ከሆነ ከኤምዲኤፍ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

የፈረንጅ ጥድ ጣውላ የቋሚና አግድም ርብራብ ያለው፣ የገጠር ቤት መልክ የሚሰጥ ራስጌ ለሚወድ ሰው ነው። በእጅ መጋዝና መላጊያ በቀላሉ ይሠራል። ዓይኑ ግን ብዙ ነው፤ ከዓይኑ የሚወጣው ሙጫ ከወራት በኋላ ነጩን ቀለም አልፎ ቡናማ ክብ ያወጣል። ከቀለሙ በፊት እያንዳንዱን ዓይን ሼላክ በሚባለው፣ በአልኮል በሚሟሟ ማሸጊያ ቅብ ማሸግ ግድ ነው። ይህን ለማድረግ ትዕግሥት ከሌላችሁ ነጭን ተዉና ጠቆር ያለ ቀለም ምረጡ።

እንጨቱ እንዲታይ ለሚፈልግ

ዋንዛ በአገራችን የቤት ዕቃ ሥራ ስሙ የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመላጊያና ለመሮ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ቡናማ መልኩ ከአንዱ ጣውላ ወደ ሌላው እየደመቀና እየደበዘዘ ይሄዳል። ቀላልም ነው፤ የከበሮ ሠሪዎች ምርጫ የሆነው በዚሁ ጠባዩ ነው። ለራስጌ ሦስትና አራት ጣውላ በኮላና በሞርሳ (አጥብቆ በሚይዝ መቆንጠጫ) አጣብቆ አንድ ሰፊ ገጽ ማውጣት ይቻላል።

ስትገዙ ግን ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትክፈሉ። ጣውላውን አንሡና ጫፉን ዓይናችሁ አጠገብ አድርጋችሁ በአንድ ዓይን ወደ ሌላው ጫፍ ተመልከቱ፤ ጠመዝማዛው ወዲያው ይታያል። ጫፉ ላይ ያለው ስንጥቅ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ለኩ፤ ያ ሁሉ ተቆርጦ የሚጣል ነው። ቀጥሎ ዳርና ዳሩን እዩ። ከቅርፊቱ አጠገብ የነበረው ነጣ ያለው ክፍል እንጨት የሚበሉ ነፍሳት የሚወዱት ነው፤ ጣውላው በተደገፈበት መሬት ላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ካገኛችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። መኝታ ቤት ውስጥ ሌሊት የሚጋጥ ድምፅ መስማት አያስደስትም።

እርጥበቱ ከሁሉ ይብሳል። በተፈጥሮ አየር የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚለው የቆየ የአናጺዎች ስሌት ዛሬም አይከፋም። ሻጩ «ደረቅ ነው» ይላችኋል፤ ሌላ ምን ሊል? በቤታችሁ ሚዛን መፈተን ትችላላችሁ። ከጣውላው ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ መዝኑት፣ በሞቃት ቦታ አስቀምጣችሁ በየሁለት ቀኑ መዝኑት። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ እንጨቱ ገና ነው። ቤት ውስጥ ጥላ ስር፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ጣልቃ እያደረጋችሁ ደርድሩትና ጠብቁ።

አንድ የሕግ ነገርም አለ። ዋንዛ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 በስም ጠቅሶ ጥበቃ ያደረገላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌሎች አዋጆች ቢተካም ጉዳዩ አልቀረም። ዋንዛ በአርሶ አደሮች ማሳና በቡና ጥላነት ስለሚተከል ሕጋዊ እንጨት ሞልቷል፤ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም። መልስ የማይሰጥ ሻጭ መልስ ሰጥቷል።

የሐበሻ ጥድ ቀይ ሆድ አለው፤ ሽታው መኝታ ቤቱን ያውዳል፣ ምስጥም አይደፍረውም። በሚስማር ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ሳትበሱ ቪቲ አታስገቡ። ዘይታማ ስለሆነ አንዳንድ ቫርኒሽ ላዩ ላይ ለመድረቅ ያስቸግራል፤ ቁራጭ ላይ ሞክራችሁ ቀቡ። ሽታውን ለሚወድ ሰው ግሩም ነው፣ ሽታ ራሱን ለሚያመው ግን ቅጣት ነው።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው፤ ለራስጌ ገጽ ግን አልመክረውም። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለእግርና ለድጋፍ፣ ባለ 5 በ7 ሞራሌ ሆኖ ከኋላ ተደብቆ ሲውል ግን ማንም አይስተካከለውም። ከአጠና ተራ የተገዛ ቀጥ ያለ አጠና ቅርፊቱ ተልጦ፣ በደንብ ደርቆና ተቀብቶ በቁሙ ተደርድሮ የተሠራ ራስጌም ያምራል፤ ነገር ግን በአጠናዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ለትኋን የተሠራ ቤት መሆኑን አትርሱ።

አሮጌ እንጨት የእኔ ምርጫ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ በር ወይም ከምን አለሽ ተራ የተገኘ የቁም ሣጥን ሳንቃ ለዓመታት ደርቆ፣ መጣመሙን ጨርሶ የመጣ ነው። የሚያሠጋው ላዩ ላይ ያለው ቀለም ነው። በአሮጌ ዘይት ቀለም ውስጥ፣ በተለይ በቢጫና በቀይ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን 90 እጅ ላይ የወሰነው ደንብ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን በር ልጆች ባሉበት ቤት በደረቁ መፈግፈግ ክልክል መሆን ያለበት ነገር ነው። ከቤት ውጭ፣ እያረጠባችሁ ላጡት፤ ፍርፋሪውን በጋዜጣ ላይ ሰብስባችሁ አስወግዱ። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ከሆነ ደግሞ ማኅተሙን እዩ፤ «ኤች ቲ» የሚሉት ሁለት ፊደላት በሙቀት መታከሙን ያመለክታሉ፣ «ኤም ቢ» ካለው በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ራስ አጠገብ አታስገቡት።

ቀለሙ

የውሃ ቀለም ብዙ ሽታ የለውም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። ሆኖም ለግድግዳ የተሠራው ለራስጌ አይሆንም። በግድግዳ ላይ ራስ የሚደገፍበትን ቦታ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ቅባቱ ገብቶ ይቀራል፣ ሲያሹት ቀለሙ ይለቃል። በውሃ ቀለም ለመሥራት ከወሰናችሁ ለእንጨትና ለበር የተሠራውንና ደብዛዛ ያልሆነውን፣ ትንሽ የሚያበራውን ግዙ። ኤምዲኤፍን በቀጥታ በውሃ ቀለም መጀመር ቃጫውን ያቆመዋል፤ የመጀመሪያው ቅብ የዘይት መሠረት ቀለም ይሁን።

ዘይት ቀለም ጠንካራ ነው። ቅቤ የነካውን በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ታነሡታላችሁ፤ በቤታችን ፀጉር የሚቀባ ሰው ካለ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ሽታው ግን ለቀናት ይቆያል፣ በአንዱ ቅብና በሌላው መካከል አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ነጩ ደግሞ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫ ያደላል። መጋረጃ ሁልጊዜ በሚጋረድበት ክፍል ከሆነ ንጹሕ ነጭን ትታችሁ ክሬም ወይም ግራጫ ምረጡ፤ መለወጡ አይታወቅም። ማቅጠኛው አኳራጅ ነው፤ ሻማና ምድጃ አጠገብ አይሁን።

ናይትሮ የሚባለው በመርጫ የሚረጨው ቅብ የወርክሾፕ ሥራ ነው። በደቂቃዎች ይደርቃል፣ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል፣ ጭሱና የእሳት አደጋው ግን ለመኖሪያ ቤት አይሆንም። አማራችሁ ከተባለ ራስጌውን ሠርታችሁ፣ ፈግፍጋችሁ፣ ለማስቀባት ብቻ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ለሚታይ እንጨት ቫርኒሽ ከተልባ ዘይት ይሻላል። ዘይቱ የዋንዛን ቀለም ያሞቀዋል፣ መልኩ የተፈጥሮ ነው፤ ይሁን እንጂ የራስ ቅባትን አይከላከልም። የወጥ ቤት ዘይት መቀባት ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብ፤ አይደርቅም፣ አቧራ ይይዛል፣ ይከረፋል። በተልባ ዘይት የሠራችሁ እንደሆነ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ። በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላልና ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ከግድግዳ ወይስ ከአልጋ እግር?

ኪራይ ቤት ከሆነ መልሱ የአልጋ እግር ነው፤ አከራይ ስለ ቀዳዳ የሚያወራውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሁለት ሞራሌ ከራስጌው ጀርባ በቪቲ ይያዛል፣ ሞራሌው ከአልጋው እግር ጋር በሁለት በሁለት ብሎን ይታሰራል። በቪቲ ብቻ ከሆነ በወራት ውስጥ መንቃቃት ይጀምራል። የራሳችሁ ቤት ከሆነና ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት መሆኑን አስቡ፤ ተራ ፊሸር (ቪቲ የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) ባዶ ቦታ ላይ ገብቶ ይሽከረከራል። ለክፍት ብሎኬት የሚሆነውን ረጅሙን ፈልጉ፣ ወይም ራስጌው መሬት ላይ ይቁምና ከግድግዳው ጋር የሚያዘው እንዳይንገዳገድ ብቻ ይሁን። የጭቃ ቤት ከሆነ በጭቃው ውስጥ ያለውን ቋሚ ወይም ማገር ካላገኛችሁ በቀር ግድግዳውን አትሞክሩት።

በሁለቱም መንገድ ከግድግዳው ሁለት ሳንቲሜትር ያህል አርቁት፤ አየር ይለፍ፣ መጥረጊያም ይግባ። ሶኬት ከኋላው የሚውል ከሆነ ከመቀባታችሁ በፊት ቦታውን ለክታችሁ ቁረጡ።

ሲቀባ

ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ ከቀለሙ ይበልጣል። በቁጥር 120፣ ቀጥሎ በ220 ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ፈግፍጉ፤ አግድም የተፈገፈገው ከቫርኒሽ በኋላ ጭረት ሆኖ ይታያል። የሚስማሩንና የቪቲውን ጉድጓድ፣ መገጣጠሚያዎቹንም ጭምር በስቱኮ ድፈኑ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ የተደፈነ ስንጥቅ ትኋን አያስገባም። በተለይ ከኋላ በኩል ማንም የማያየውን መጋጠሚያ አትተዉ፤ ትኋን ከኋላ ነው የሚገባው። ጀርባውንም ቢያንስ አንድ ጊዜ ቀቡት፤ አንድ ጎኑ ብቻ የተቀባ ሳንቃ እርጥበት በአንድ በኩል እየሳበ ይጎብጣል።

ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ በመካከሉ በቁጥር 320 ቀለል አድርጋችሁ ፈግፍጉና አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ገበታውን በጠፍጣፋው አስተኝታችሁ ብትቀቡ ቀለሙ አይወርድም፤ ለሰፊ ገጽ ሩሎ፣ ለጠርዝ ብሩሽ ያዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንብበት ወራት ዘይት ቀለም ለመድረቅ እጥፍ ጊዜ ቢወስድ አትገረሙ። በጋ ላይ ደግሞ ግቢያችሁ አቧራማ ከሆነ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ቀቡ። ቀለሙ በጣት ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ዘይት ቀለም የተቀባ ራስጌ ላይ ትራስ ለመደገፍ አንድ ሳምንት ጠብቁ፣ አለዚያ የትራሱ ጨርቅ ሽመና ታትሞበት ይቀራል።